እጁን ተመልከቱ

ወይኒቱን ከፎቶ ላይ ከእናቷ ጎን ቆርጠው ከጣሏት ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ቂሟ ግን ዛሬም ትኩስ ነው። ጠዋት ዓሣዋን ተሸክማ ሐይቅ መናኸሪያ ስትደርስ፣ ሳፋዋን ገና ሳታወርድ ቀና ትላለች። እናቷ አሰገደች እዚያ ላይ ናት። በመብራት ምሰሶውና በባሕር ዛፉ መካከል በተወጠረ ሰፊ ባነር ላይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ከበላይዋ የሳሙና ማስታወቂያ፣ ከጎኗ የቢራ። ከእግሯ ስር ረዳቶች "ውጫሌ! ውጫሌ አንድ ሰው!" እያሉ ይጮኻሉ። "ሽባ ገብተው ቆመው ወጡ!" ይላል ባነሩ በቀይ ቀለም። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ "ኅዳር 12 ወደ አፋፉ ሚካኤል ይምጡ!"

ወይኒቱ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም በቅጡ ሳትጨርስ ነው የተወችው። ይቺን ጽሑፍ ግን ዓይኗን ጨፍና ታነባታለች።

በእናቷ ወገብ ላይ አራት ጣቶች ይታያሉ። ባለቤት የሌላቸው ጣቶች ናቸው። ክንድ የላቸውም፣ ትከሻ የላቸውም። ከእነሱ ወዲያ ያለው ደመና ነው፤ ፎቶ አንሺው ታመነ በኮምፒውተር ያስገባው ነጭ ደመና። ከጣቶቹ አንዷ ጫፏ ላይ ጎበጥ ብላለች፤ የቆሮሶ ዓሣ እሾህ ወግቷት አመርቅዛ ስትድን እንደዚያው የቀረች ጣት ናት።

ጣቶቹ የወይኒቱ ናቸው።

መጀመሪያ ያስተዋሉት ከወልድያ የመጡ አንዲት እማሆይ ናቸው ይባላል። ከመኪና ወርደው ሽቅብ ሲያዩ፣ "ይሄ የማን እጅ ነው ልጆቼ?" አሉ። መልሰው ራሳቸው፣ "ከደመና የወጣ እጅ የማን ይሆናል፣ የመልአኩ ነው እንጂ!" አሉና መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። በዓመቱ ታመነ አዲስ ባነር ሲያሳትም፣ ወደ ጣቶቹ የሚያመለክት ቀይ ቀስት አሠራና ከጎኑ "እጁን ተመልከቱ!" አለበት።

ወይኒቱ ያን ጊዜ ጉድ ማለት ነበረባት። እሷ ደግሞ አፏ የሚያርፍ ሴት አይደለችም። በአንድ የበሰበሰ ዓሣ ሦስት አጥማጅ ያጣላች፣ ቀበሌ ገብታ ሊቀ መንበሩን ከወንበሩ ያስነሳች ሴት ናት። በዚህ ነገር ግን ዝም አለች። ምክንያቱን ለማንም አልነገረችም እንጂ ቀላል ነበር። ከዚያ ባነር በቀር የእናቷ ፎቶ የላትም። የቀበሌ መታወቂያው ላይ የነበረው ዝናብ ገብቶበት ጠፍቷል። ባነሩ ፀሐይ ሲበላው የእናቷ ፊት እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ኅዳር ሲመጣ ደግሞ አዲስ ይታተምና ፊቷ እንደገና ይፈካል። ዓመቱን ሙሉ ትቆጣለች፣ ዓመቱን ሙሉ ቀና ብላ ታያለች። ማንም በሌለበት ደግሞ፣ "እንደምን አደርሽ እምዬ" ትላለች።

ታዲያ የዚያን ቀን የሆነው ባነሩ እንደሚለው አልነበረም።

አሰገደች ግማሽ አካሏ ከሞተ በኋላ ወይኒቱ በቃሬዛ አስይዛ አፋፉ ሚካኤል አወጣቻት። ጸበሉ ያን ጊዜ ከሰፈሩ ሰው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ሰንብተው ሰንብተው አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ገለጥ ሲል እናት፣ "ልጄ፣ ቀና አድርጊኝ እስቲ" አለች።

"ምነው፣ አመመሽ?"

"አላመመኝም። ውሃውን ልየው።"

ከዚያ አፋፍ ላይ ሐይቁ ቁልቁል ይታያል። ተኝቶ ግን አይታይም። ወይኒቱ በብብቷ ስር ገብታ፣ ወገቧን አቅፋ፣ ጥርሷን ነክሳ አነሳቻት። አሰገደች ቆመች። በልጇ ጉልበት ይሁን በራሷ፣ በእግዜር ይሁን በሁሉም፣ ያን ወይኒቱ ዛሬም አታውቅም። ብቻ ቆመች። ሴቶቹ እልል አሉ። ታመነ ያን ጊዜ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰሞን ነበር፤ አዲስ ካሜራውን አንግቶ ግቢው ውስጥ ሲዞር ደርሶ አነሳቸው። አሰገደች ውሃውን አየችው። "አቤት፣ እንዲህ ሰማያዊ ነው እንዴ!" አለች። ከዚያ ደከማትና ተመልሳ ተኛች። ከዚያ ወዲህም በእግሯ አልሄደችም። በዓመቱ፣ ልጇ ከንፈሯን በጥጥ እያረጠበችላት፣ በሰላም አረፈች።

ይሄ ነው እንግዲህ ታሪኩ። እናት ሐይቅ ማየት አማራት፣ ልጅ አነሳቻት።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ያመጣችው ሀኒያ ናት። ሀኒያ የጎረቤቷ የመስኡዳ ልጅ ናት። የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ ወገቧን ከተጎዳች ወዲህ በክራንች ነው የምትሄደው፤ ደሴ እየወሰዱ እግሯን ያለማምዷታል። አምና እናቷ አፋፉ ሚካኤልም ወስዳት ሰንብታለች። እስላም ክርስቲያኑ እኩል የሚጠመቅበት ጸበል ስለሆነ ማንም ጉዳዬ አላለም። ያን ቀን ወይኒቱ በረንዳዋ ላይ ዓሣ ስታጸዳ ሀኒያ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እትዬ ወይኒቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አትቆጭም?"

"እንደ ነገሩ ነው። ባል አምጪልኝ ካልሽ እቆጣለሁ።"

ልጅቷ አልሳቀችም። "እጁ... ለእማማ አሰገደች የመጣው እጅ፣ ስንተኛው ቀን ላይ ነው የመጣው?"

የወይኒቱ ቢላ ዓሣው ሆድ ላይ ቆመ።

"እኔ ሁለት ሱባኤ ሙሉ ጠብቄዋለሁ" አለች ሀኒያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ወላሂ፣ ውሃው ሲወርድብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ወገቤን ብቻ ነው የማዳምጠው። ማንም አልነካኝም። እስላም ስለሆንኩ ይሆን? ለእናቴ እንዳትነግሪብኝ።"

ወይኒቱ ቢላዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዘረጋችላት።

"በይ እይው።"

"ምኑን?"

"እጁን ነዋ። ይሄውልሽ። ይቺን ጎባጣ ጣት እያት፤ ነገ መናኸሪያ ሄደሽ ከላይኛው ጋር አስተያዪው።"

ሀኒያ እጁን ያዘችው። አገላበጠችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

"መልአክ ዓሣ ዓሣ ይሸታል እንዴ?" አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። ወይኒቱ በዓሣ እጇ ላለመንካት በክርኗ አቅፋ ወደ ደረቷ ሳበቻት።

"የኔ አበባ። የወንድ ልጅ እጅ ትተሽ የኔን እጅ ትጠብቂ?"

"ግን እትዬ" አለች ሀኒያ እንባዋን እየጠረገች፣ "ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ? አንቺ እኮ ዝም አታውቂም።"

ወይኒቱ ቢላዋን አነሳች። ዓሣውን አንስታ እንደገና አጸዳችው፤ ንጹሕ የነበረውን ዓሣ።

በማግሥቱ ወደ አፋፉ ወጣች። ቄስ ሙላት ከቅዳሴ ወጥተው በደጀ ሰላሙ ጥላ አርፈው ነበር። የእናቷም የእሷም የነፍስ አባት ናቸው፤ ጸጉራቸው ጥጥ መስሏል።

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው እንዲህ አለከለክሽ?"

"እናቴን አውርዱልኝ።"

"ከየት?"

"ከሳሙናው ስር!"

ቄስ ሙላት ሳይፈልጉ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል አስከተለባቸው። ሳላቸው እስኪበርድ ጠበቀችና ሁሉንም ነገረቻቸው። የሀኒያን ነገር ስትነግራቸው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሰው እኮ መጣ ወይኒቱ" አሉ ቆይተው። "ድሮ አምስታችን ልዑካን ብቻ፣ ከባልቴቶቹ ጋር ነበር የምንቀድሰው። ጣሪያው ሲያፈስ መጽሐፉን በጃንጥላ ነበር የምንከልለው። ዛሬ ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ግቢው ሰው አይችልም።"

"ሰው ይምጣ አባ፣ ማን ጠላ! ጸበሉንም አልጠላሁም፣ እናቴን አሳርፎልኛል። ግን ጸበሉ አፍ የለው፤ አፍ የሆንለት እኛ ነን። የምናወራለት ደግሞ ያላየነውን ነው። ያ በባነር ተጠርቶ የመጣ ሰው ሳይድን ሲመለስ ማንን ይጥላ? ወይ ሚካኤልን ይጠላል፣ ወይ ራሱን። ያቺ ልጅ ራሷን ጠላች አባ። እግዜር መርጦ የተዋት መሰላት።"

"እኔም ሳልናገር የቀረሁ እንዳይመስልሽ። 'ቤተ ክርስቲያን እንደ ሸቀጥ አትለጠፍም' ብያቸዋለሁ። 'አባ፣ ዘመኑ ነው' አሉኝ። ለዘመኑ ምን ብዬ ልመልስ? ኮሚቴው ታመነ ነው። እሱን አናግሪው።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ቀዳሽ ነኝ ልጄ" አሉ፤ ሲሉት ግን ዓይኗን አላዩም።

ታመነ የደብሩ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ፎቶ ቤቱ ከመናኸሪያው ማዶ ነው። ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

"እትዬ ወይኒቱ! እግርሽ እንዴት ጣለሽ? እኔ ራሴ ልመጣ ነበር። ለዘንድሮው ንግሥ ትልቅ ነገር አስበናል። ውጫሌና ደሴ መውጫ ላይ ባነር ይሰቀላል፣ ባጃጅ በድምፅ ማጉያ ይዞራል፣ ቪሲዲም እናወጣለን። አንቺ ደግሞ የእማማ አሰገደች ልጅ ነሽ፤ ማይክ ይዘሽ እንዴት እንደተነሱ ትመሰክሪልናለሽ።"

"እኔ ነኛ ያነሳኋት! አንተው ራስህ አይደለህ ያነሳኸን?"

ታመነ አንገቱን አከከ። "አውቃለሁ። መጀመሪያ ስቆርጠው እጁ መቅረቱን ልብ አላልኩትም፣ በሚካኤል። ነጠላሽ ጭቃ ነበር፣ ዓይንሽንም ጨፍነሻል፣ ለማስታወቂያ አይሆንም ብዬ ነው። ከዚያ ሰዉ ራሱ 'መልአክ ነው' አለ። እኔ ምን ላድርግ?"

"ቀስቱን ማን ሠራው? ሰዉ ነው?"

ታመነ ወንበሩን ሳበ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ አንድ ሁለት ነገር ነካካና፣ "ነይ እይ" አላት።

ወይኒቱ ጎንበስ አለች። ሳይቆረጥ የቀረው ፎቶ ነበር። እናቷ ቆማለች። ከብብቷ ስር ደግሞ ሻሿ የወለቀ፣ አፏን ገጥማ ዓይኗን የጨፈነች ሴት አለች። እናቷ ሐይቁን እያየች መስሏት ነበር ይህን ሁሉ ዓመት። ባነሩ ላይ ዓይኗ ወደ ታች ነው፤ ታች ያለውን ቆርጠውት ምን እንደምታይ አይታወቅም ነበር። አሁን አየችው። ሐይቁን አይታ ጨርሳ ኖሯል። በፎቶው ላይ የምታየው የልጇን ራስ ነበር።

የደንበኛ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አሳጥቤ፣ በፍሬም አድርጌ እሰጥሻለሁ" አለ ታመነ በለሰለሰ ድምፅ። "አልጋሽ ራስጌ ትሰቅይዋለሽ። አንቺ ደግሞ ትመሰክሪያለሽ። ካልፈለግሽ እንኳ አትመስክሪ፤ ዝም ብቻ በይ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም እኮ። ለእኔ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን ነው። የአቅመ ደካሞች ማረፊያ ልንሠራ ነው፤ በሽተኛው ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው።"

ወይኒቱ ፎቶውን አየች። ከዚያ በላይ የተመኘችው ነገር የለም። እጇ ሳታስበው ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ሄዶ የእናቷን ጉንጭ ነካ፤ ዓሣ ያለበት አሻራ አተመበት።

"ሳስበው ልደር" ብላ ወጣች።

አሰበችው። ለብዙ ቀን አሰበችው። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ልትል ነበር። ፍሬሙ የሚሰቀልበትን ምስማር ሳይቀር ግድግዳው ላይ መርጣለች። ከንግሡ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ድምፅ ማጉያ የተሸከመችው ባጃጅ በሰፈሩ በኩል አለፈች። "ኑ! እጁ ይጠብቃችኋል! አምኖ የመጣ ቆሞ ይመለሳል! ያላመነ ብቻ ነው የሚቀረው!" ወይኒቱ በረንዳዋ ላይ ሆና አጥር ለአጥር አየች። ሀኒያ ክራንቿን ተደግፋ እግሯን ስታለማምድ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ቆመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። እውነቱን እያወቀች እንኳ ወጋት። የማያውቁትስ?

በዋዜማው፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ወይኒቱ ከእህል በረንዳው መሰላል ተውሳ ወደ መናኸሪያው ገሰገሰች። የዓሣ ቢላዋን መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አድርጋለች። መስኡዳ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላታለች።

"አንቺ ሴት፣ ምን ልትሆኚ ነው?"

"ተመለሽ። አንቺ እዚህ ነገር ውስጥ አትግቢ። ነገ 'እስላም የሚካኤልን ባነር አወረደች' ይሉሻል።"

"እኔ ባነር መቼ ያዝኩ? መሰላል ነው የያዝኩት" አለችና መስኡዳ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨበጠች። "ውጪ! ወድቀሽ ደግሞ ሌላ ክራንች አታሳዢኝ። ያረቢ፣ ይቺን እብድ ጠብቅልኝ።"

የባጃጅ ሾፌሮቹ ከበቧቸው። "እትዬ ወይኒቱ፣ ቢራውንም አውርጂልን እንጂ!" አለ አንዱ። "ኧረ ኔትወርክ ፍለጋ ነው የወጣችው!" አለ ሌላው። እሷ መውጣቷን ቀጠለች። ከእናቷ ፊት ጋር ፊት ለፊት ስትደርስ ግን ቆመች። እንዲህ ቀርባት አታውቅም። ከቅርብ ሲታይ ፊቱ ፊት አይደለም፤ ነጠብጣብ ቀለም ነው። "ይቅር በይኝ እምዬ፣ ዘገየሁ" አለችና ገመዱን ቆረጠችው።

ባነሩ እየተንሿሿ ወረደ። ሳቁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። ታመነ ከፎቶ ቤቱ እየሮጠ መጣ።

"ምን ነካሽ? የቤተ ክርስቲያን ንብረት እኮ ነው! በሕግ ያስጠይቅሻል!"

"ጨርቁ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚያው እወስደዋለሁ። እናትየዋ ግን የኔ ናት።" ከዚያ ወደተሰበሰበው ሰው ዞረች። "ይሄ እጅ የኔ ነው። መልአክ አላየሁም። እናቴ ውሃ ማየት አማራት፣ አቀፍኳት፣ ቆመች፣ መልሳ ተኛች። በዓመቱ ሞተች። ሚካኤል ያውቃል፣ ከዚህ የጨመርኩት የለም።"

ታመነ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ፎቶውን አጣሽው እኮ" አላት። የከፋው እሱ ይመስል ነበር።

"አውቃለሁ" አለች። ባነሩን እንደ ጋቢ አጣጥፋ አዘለችው።

ሲመሻሽ አፋፉ ላይ ስትደርስ ከሩቅ የመጣው በሽተኛ ሜዳውን ሞልቶታል። ለሌሊት ማሕሌት የተሰበሰቡት ካህናት ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ቄስ ሙላት ሸክሟን ሲያዩ ቆሙ። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

"አወረድሻት?"

"አወረድኳት። ይኸው ንብረታችሁ።"

አረጋዊው ጨርቁን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። "እኔ ማድረግ የነበረብኝን ነው ያደረግሽው። ነገ ከስብከቱ በፊት እኔ ራሴ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ኮሚቴው ቢከፋው ይክፋው።" ከዚያ ሜዳውን ዞር ብለው አዩት። ከአጠገባቸው፣ ጤዛ ባረጠበው ሣር ላይ፣ አንዲት ሴት የታመመ ባሏን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ አጋድማለች። "ዕቃ ቤት አስገብቼ አይጥ ከምቀልብበት..."

ወይኒቱ ገባት። ባነሩን ሣሩ ላይ ዘረጋችው። እናቷ በጀርባዋ ተኝታ ሰማዩን አየች። ሴትየዋ ደነገጠች።

"ውይ! እኒህ እጁ ያነሳቸው እናት አይደሉም? ከመርሳ ድረስ የመጣነው እኮ እሳቸውን አይተን ነው!"

ወይኒቱ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። መናኸሪያ ላይ የተናገረችውን እዚህ በቀስታ፣ ለሁለቱ ብቻ ነገረቻቸው። ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማቻት። ባልየው ዓይኑን ከሰማዩ መለሰ።

"ታዲያ እንመለስ ነው የምትዪን?" አላት በደከመ ድምፅ።

"ወንድሜ፣ ይሄን እኔ አልልህም። ጸበሉ አለ፣ ሚካኤልም አለ። የሐኪም መድኃኒት ካለህም አታቋርጥ። ትድናለህ አልልህም፣ አላውቅም። ባትድን ግን ሳታምን ቀርተህ ነው የሚልህን ሰው አትስማው።"

ሰውየው ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ። "እኔም ፈርቼ የነበረው እሱን ነው" አለ።

ወይኒቱ ተነሳች። ባነሩን በሁለት ጫፉ ይዛ ገለበጠችው፤ የእናቷ ፊት ወደ መሬቱ፣ ነጩ ጀርባ ወደ ላይ ሆነ። ሁለቱ ሴቶች በሽተኛውን ተጋግዘው አነሱትና ደረቁ ላይ አስተኙት። ቦታው ስለተረፈ አንዲት ሕፃን ያዘለች እናትም ተጠግታ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

"ውሃ አላችሁ?" አለቻቸው ወይኒቱ።

አልነበራቸውም። ጄሪካናቸውን አንስታ ወደ ምንጩ ወረደች።